የግራውና የቀኙ ድምፅ በቤታችን

ሰው በገንዘቡ ከገዛቸው ዕቃዎች ሁሉ አብልጦ የሚያስተምረው፣ ሳያውቅና ሳይጠይቅ ቸኵሎ የገዛው ዕቃ ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመንቀፍ ብዬ አይደለም፤ ተላላው እኔው ራሴ ነበርሁና። በቤታችን ባለችው ኮምፒዩተር ላይ ጥሩ የድምፅ ማጉያ ለማቆም ስል የደከምሁት ድካም፣ በከንቱ ያወጣሁት ገንዘብና በመጨረሻም ያገኘሁት ነገር ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት፣ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል እናገራለሁ።

የምንኖረው በላስታ ምድር፣ በላሊበላ ከተማ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ አባቴ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ በማኅሌት ያገለገሉ መሪጌታ ናቸው። ድጓውን ከነምልክቱ፣ አቋቋሙን ከነዝማሜው የተማሩት ለብዙ ዓመታት ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ ቁራሽ እየለመኑና ከውሻ ጋር እየታገሉ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የዐይናቸው ብርሃን ጠፋ፤ ጕልበታቸውም እንቢ አላቸው። ከተማችንን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች መንገዷ ሁሉ ዐቀበትና ቁልቁለት ነው። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸውና፣ ወደ ብዙዎቹ የሚደረሰው በጠባብ የድንጋይ ደረጃና በጨለማ መተላለፊያ ነው። ዐይኑ ያጣ ሽማግሌ፣ ሕዝብ በሚጋፋበት በበዓል ሌሊት፣ በዚያ መንገድ መውረድ አይቻለውም።

በልደት በዓል ካህናቱ ቤዛ ኵሉ የሚባለውን ሲያቀርቡ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የአለት አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹም ከታች በቅጽሩ ውስጥ ቆመው ይቀባበላሉ። አባቴ በዚያ ስፍራ ብዙ ጊዜ ቆመዋል። ከቤት ከዋሉ ወዲህ ግን የበዓል ሌሊት በመጣ ቍጥር በሩን ከፍተው፣ ነፋሱ የሚያመጣውን የከበሮ ድምፅ ሲያደምጡ ያድራሉ። እናቴ፣ «ብርድ ይመታዎታል፤ ይግቡ እንጂ» ሲሏቸው፣ «ጥቂት ቆዪ፤ ነፋሱ ገና ወደ እኛ አልዞረም» ብለው ይመልሳሉ። እኔም ይህን እየሰማሁ ከመኝታዬ ላይ እገላበጥ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብሁት በእጄ ስልክ ላይ የተቀዳ ማኅሌት ላሰማቸው ነበር። ስልኩን በጆሮአቸው አጠገብ አድርጌ ከፈትሁላቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ማኅሌት አይደለም፤ ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ናት» አሉኝ። ነገሩ ሲያስቅ እውነትም ነበር። የስልክ ማጉያ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስለ ሆነ ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት ዐቅም የለውም። ከበሮው ፈጽሞ ይጠፋል፤ የካህናቱም ድምፅ ቀጥኖ እንደ ሽቦ ይንጫረራል።

ኮምፒዩተሯን የገዛናት የትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት እንዳዘጋጅባት ነበር። ስለዚህ ታላቅ ማጉያ ገዝቼ ከእርሷ ጋር ባገናኝ የአባቴ ችግር ሁሉ እንደሚያልቅ ተስፋ አደረግሁ። ገንዘቡ የተገኘው ግን ከየት ነበር? ለኮርኒስ ካጠራቀምነው ነው። ቤታችን የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው በመሆኑ ክረምት በገባ ጊዜ የዝናቡ ጩኸት ሰውን ከሰው አያነጋግርም። እናቴም በዚያ ዓመት ኮርኒስ እንዲሠራላቸው ተስፋ አድርገው፣ ከእንቍላልና ከቅቤ ሽያጭ የተገኘውን ሳይቀር በመሐረብ ቋጥረው አስቀምጠው ነበር። እኔ፣ «ለአባባ ነው» ባልኋቸው ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገሩ ቋጠሮውን ፈትተው ሰጡኝ።

ወደ አዲስ አበባ ለጕዳይ በሄድሁ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ገብቼ ከሁሉ ገዝፎ የታየኝን መረጥሁ። ሁለት ረጃጅም ሣጥኖችና በመካከላቸው አንድ የቤዝ ሣጥን ያለው፣ ፊቱ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚብለጨለጭ ነበር። ሻጩ በአንድ ዘፈን ሲያሰማኝ ሱቁ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም መንቀጥቀጡን የጥራት ምልክት አድርጌ ቈጠርሁት። በአውቶቡስ ጭኜ አምጥቼ፣ በቤታችን ጥግ በቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ደረደርሁት። ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተጠራ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በመደባቸው ላይ ተቀመጡ። በከፈትሁት ጊዜ የመስኮቱ መስተዋት ዘመረ፤ በረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎችም አብረው አንቀጫቀጩ። ልጆቹ በደስታ ዘለሉ። አባቴ ግን ቀኝ እጃቸውን አነሡና እንዳጠፋው አመለከቱኝ። ከዚያም በትሕትና፣ «ልጄ፣ ከበሮውን ሰማሁት። ካህናቱ ግን ወዴት ሄዱ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጎረቤቶቻችን ቡናውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። በዚያ ክረምት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ በወረደ ቍጥር የእናቴ ዝምታ ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ለጥምቀት በዓል የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው በድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የሚብለጨለጨውን ሣጥን አይቶ ምንም አላለም፤ ሰው አክባሪ ልጅ ነውና። ማታ ለብቻችን በሆንን ጊዜ ግን የአያቱን ጥያቄ ነገርሁት። «አያቴ ልክ ናቸው» አለኝ። «ጋሼ፣ ወፍራም ድምፅ ሲበዛ ቀጭኑን ይሸፍነዋል። ቃሉን ከቃል የምንለይባቸው ፊደላት፣ ሰ፣ ሸ፣ ጸ፣ ተ የመሳሰሉት፣ በአብዛኛው በቀጭኑ ድምፅ ላይ ናቸው። የሰው ጆሮ በልጅነቱ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል፤ ሲያረጅ አስቀድሞ የሚጠፋበት ግን ላይኛው፣ ቀጭኑ ነው። እንግዲህ ለሽማግሌ ጆሮ ቤዝ ብቻ ማብዛት፣ ዐይኑ ለደከመ ሰው መጽሐፉን በጭስ መካከል ማስነበብ ነው።»

ከዚያም አራት ነገር ጠየቀኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። «የምታሰማው ቅጂ ምን ዐይነት ነው? ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ንጹሕ ነውን? ማጉያው ምን ዐይነት ነው? የቆመውስ በምን ዐይነት ቤት ውስጥ ነው?» አለ። እኔ ያሰብሁት ስለ ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ እርሱንም ቢሆን በትልቅነቱ ብቻ ነበር የመረጥሁት። ከአራቱ አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ የቀሩት ሦስቱ ሊያቃኑት አይችሉም። ለቤቴ የተማርሁትን አሁን በተራ ላቅርብ።

መጀመሪያ ቅጂው ነው። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዞር የሚደርሰን መዝሙርና ስብከት ብዙ ጊዜ ቦታ እንዳይፈጅ ተብሎ እጅግ የተጨመቀ ነው። በኤምፒ ስሪ መልክ የተጨመቀ ድምፅ አንዳንዱ ክፍል ተቀንሶለት ነው የሚቀመጠው፤ እንደ ገና ሲጨመቅም እንደ ገና ይቀነሳል። የጠፋውንም ከቶ ማንም ማጉያ አይመልሰውም። ሲዲ ላይ ያለው ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ነው፤ ስለዚህ ከሲዲው በቀጥታ፣ ሳይጨመቅ የተገለበጠ ቢገኝ እጅግ ይመረጣል። የእኅቴ ልጅ በአንድ በዓል ራሱ በሁለት መቅረጫ የቀዳውን ማኅሌት፣ ምንም ሳይጨመቅ፣ በኮምፒዩተሯ ላይ አኖረልን።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ማጉያው ሲከፈት፣ ማንም ሳይዘምር፣ «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ይህ ከመብራቱ የሚመጣ ነው፤ የአገራችን የመብራት ኀይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩና ማጉያው ከልዩ ልዩ ሶኬት ላይ የተሰኩ እንደ ሆነ ወይም የድምፁ ገመድ ከመብራቱ ገመድ ጋር የተጠላለፈ እንደ ሆነ ወደ ድምፁ ሰርጎ ይገባል። ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካናቸው፤ የድምፁን ገመድ አሳጥረን በሌላ ወገን አዞርነው፤ የላላውንም ጃክ በአዲስ ለወጥነው። በከተማችን መብራቱ ስለሚወርድና ስለሚወጣም በፊታቸው ስታብላይዘር አኖርን። ከኮምፒዩተሯ ሆድ ውስጥ ይሰማ የነበረውን መንጫጫት ለማራቅ ደግሞ ከውጭ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ጨመርን። «እምምም» የሚለው ሲጠፋ ቤቱ የተጠረገ ያህል ተሰማኝ።

ሦስተኛው ማጉያው ነው። ድምፅ ማጉያ በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው በሠርግና በአደባባይ ላይ የሚቆመውን ሞንታርቦ ነው። የእርሱ ሥራ ድምፅን ወደ ሩቅ መወርወር ነው። ለቤት የሚፈለገው ግን ሌላ ነው። የሚብለጨለጨውን ለአንድ ቡና ቤት በግማሽ ዋጋ ሸጥሁት። በገንዘቡም የእኅቴ ልጅ ከሥራ ባልደረባው እጅ ያገለገሉ፣ በስቱዲዮ ለማዳመጫ የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ ማጉያዎች ላከልን። የእያንዳንዱ ቁመት ከክንድ ያነሰ ነው፤ ሣጥናቸው ከወፍራም እንጨት የተሠራ ስለ ሆነ በጣት ሲመታ አይንቀጠቀጥም። በያንዳንዳቸው ውስጥ ለወፍራሙ ድምፅ አንድ ትልቅ፣ ለቀጭኑም አንድ ትንሽ ማጉያ አለ። እናቴ ባዩዋቸው ጊዜ፣ «ያ ሁሉ ግዙፍ ሄዶ እነዚህ መጡ?» ብለው ሳቁ።

አራተኛው ቤቱ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ እንደ ሆነ በኋላ ገባኝ። ድምፅ በግድግዳ ሲመታ ይመለሳል፤ በገደል አጠገብ ስንጣራ ማሚቶ የሚመልስልን በዚህ ምክንያት ነው። በብሎኬትና በቆርቆሮ መካከል የተዘመረ ቃል ሰሚው ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ እየተንጸባረቀ ተደራርቦ ይመጣል። ማጉያው ወደ ግድግዳ በተጠጋ መጠን ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ይገንናል፤ በጥግ ላይ ሲሆን ከሁሉ ይብሳል። እኔ ግን ያን ታላቅ የቤዝ ሣጥን ያኖርሁት በጥጉ ላይ ነበር!

አባቴ ይህን በሰሙ ጊዜ የተወለዱበትን ቤት አስታወሱ። እንደ ብዙዎቹ የላሊበላ ነባር ቤቶች በቀይ ድንጋይ የታነጸ፣ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤት ነበር፤ ክዳኑም ሣር ነበር። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ሌላ ሠፈር እንደ ተዛወሩ የታወቀ ነው፤ እኛም ከእነርሱ መካከል ነን። «በዚያ ቤት ቃል አይባክንም ነበር» አሉ። እውነት ነው፤ ክብ ግድግዳ ድምፁን ወደ መካከል ይሰበስበዋል፤ የሣሩ ክዳን ደግሞ የተረፈውን ይመጥጠዋል። ዕውር ግድግዳ የሚመልሰውን ለስላሳ ነገር ይውጠዋል፤ አባቶቻችን ይህን በሒሳብ ባይጽፉትም በቤታቸው ያውቁት ነበር።

ክቡን ቤት መመለስ አንችልም፤ ያለንን ግን አደራጀን። ማጉያዎቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቀን፣ በሁለት ጠንካራ በርጩማዎች ላይ አቆምናቸው፤ አባቴ ሲቀመጡ ትንንሾቹ ማጉያዎች ከጆሮአቸው ጋር እንዲስተካከሉ በሥራቸው ሳንቃ ጨመርንበት። ቀጭን ድምፅ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ፊቱን ወዳላዞረለት ሰው በሚገባ አይደርስምና፣ ሁለቱንም ጥቂት ወደ እርሳቸው አዘነበልናቸው። በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ አባቴ መቀመጫም አንድ ሜትር ተኩል አደረግን፤ ይኸውም ሦስቱ ጎኖቹ የተካከሉ ሦስት ማዕዘን ነው። መደቡ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፣ ራሳቸውን ከግድግዳው ለማራቅ በፊቱ ወንበር አኖርንላቸው። ከወለሉ ላይ ሁለት የበግ አጎዛ፣ ከኋላቸው ግድግዳ ላይ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በጎን በኩል መጻሕፍቱ ያሉበት መደርደሪያ ሆነ።

የቀረው ክዳኑ ነበር። ከማጉያው ሽያጭ በተረፈውና ከደመወዜ በቈጠብሁት ገንዘብ፣ በመጨረሻ፣ የእናቴን ኮርኒስ በአቡጀዲ አሠራሁ። ከአቡጀዲው በላይ ጭድ የተሞላ ጆንያ ዘረጋንበት። የዝናቡ ጩኸት ቀነሰ፤ የቤቱም ማሚቶ ሞተ። ይህን በገዛ እጄ ካየሁ በኋላ ያልሁትን አልደብቅም፦ በመጀመሪያው ዓመት የእናቴን አሳብ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የድምፅ ሥራ አስቀድሜ በጨረስሁ ነበር።

በአንድ ቅዳሜ ማታ የእኅቴ ልጅ የቀዳውን ማኅሌት ከፈትሁ። ድምፁን ከፍ አላደረግሁም፤ ሰው በመካከላችን ቢናገር የሚሰማ ነበር። አባቴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አዳመጡ። ከበሮው በሰፊው ጎኑ ሲመታና በጠባቡ ሲመታ ተለይቶ ይሰማል፤ ጸናጽሉም እንደ ውሃ ጠብታ አንድ በአንድ ይወርዳል። ደስ አላቸው ብዬ ስጠባበቅ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «አባባ፣ ምን ሆነ?» አልሁ።

«ቀኝ ጌታው ለምን በግራ ቆመ?» አሉኝ።

አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በማኅሌት መዘምራኑ በግራና በቀኝ ተሰልፈው እየተቀባበሉ ይቆማሉ፤ የግራው አለቃ ግራ ጌታ፣ የቀኙም ቀኝ ጌታ ይባላል። አባቴ የሁሉንም ድምፅ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ማን በየት በኩል እንደሚቆምም ያውቃሉ። የእኅቴ ልጅ የቀዳው ፊቱን ወደ መቅደሱ አድርጎ ነበር። እኔ ግን ገመዱን ስሰካ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙንም በግራ አድርጌዋለሁ። ተነሥቼ ሁለቱን ገመዶች አለዋወጥሁ። አባቴም፣ «አዎን፤ አሁን ሁሉም በየቦታው ገባ» ብለው ተነፈሱ። በዚያ ሌሊት በሩ ተዘግቶ አደረ።

ይህ በግራና በቀኝ የማሰማት ዘዴ ስቴሪዮ ይባላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ድምፅን በሁለት መንገድ ቀርጾ በሁለት ማጉያ ማሰማት የሚቻልበትን ዘዴ በፈጠራ መዝገብ አስመዝግቧል። ምክንያቱም ሰው ሁለት ጆሮ አለው፤ ከግራ የመጣ ድምፅ ግራውን ጆሮ በጥቂቱ ይቀድማል፣ ይበረታልም፤ ልቡናችንም ከዚህ ልዩነት ቦታውን ያውቃል። ሁለቱ ማጉያዎች ከሰሚው እኩል ካልራቁ ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ሁለቱን በአንድ ጥግ ደርድሮ ማኅሌት ማሰማት ግራ ጌታውንና ቀኝ ጌታውን በአንድ መቋሚያ ላይ እንደ ማስደገፍ ነው።

አሁን የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክንያት ወደ ሆነው ነገር እመጣለሁ። በቤታችን አንዲት ካሴት ነበረች። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ ቴፕ ይዞ በመጣ ጊዜ፣ አባቴ ከድጓው አንድ ክፍል ሲቀድሱበት ሳይሆን ሲያጠኑበት፣ በመምህራቸው ፊት ተቀድታለች። መምህሩ ካረፉ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ከተማችን በደረሰና መብራት ለብዙ ወራት በጠፋ ጊዜ፣ እናቴ ይህችን ካሴት በጨርቅና በላስቲክ ጠቅልለው በእህል ጎታ ውስጥ ደብቀዋት ነበር። በተበደርነው ቴፕ ስናሰማት የአባቴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ወደ መካከሉ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ይሉና ያንኑ ሐረግ ይደግሙታል። እኛ ሁላችን ትንፋሽ አጥሯቸው ነው እንል ነበር።

የእኅቴ ልጅ በነገረኝ መሠረት የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጠርጌ፣ በራሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ቀስ በቀስ እያዞርሁ ድምፁ ከሁሉ የጠራበት ላይ አቆምኋት፤ ይህች ብሎን ጥቂት ብታጋድል ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይታፈናልና። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሯ፣ ሳልጨምቅ፣ ቀዳሁት። ካሴቷ የተቀዳችው በአንድ መቅረጫ ስለ ሆነ ከሁለቱም ማጉያዎች እኩል ወጥቶ በመካከል የቆመ አንድ ሰው ድምፅ ሆነ። የሃያ ስምንት ዓመቱ አባቴ በዓይነ ስውሩ አባቴ ፊት ቆመው አዜሙ።

ቆም ወደሚሉበት ስፍራ በደረሰ ጊዜ፣ ከድምፃቸው በስተኋላ፣ እጅግ ዝቅ ያለ፣ ሌላ ድምፅ ሰማን። «ርክርኩን አትለፈው» ይላል። ርክርክ ከድጓ ምልክቶች አንዱ ነው። አባቴ ሐረጉን የደገሙት ትንፋሽ አጥሯቸው አልነበረም፤ መምህራቸው አርመዋቸው ነበር። ያች ቃል በካሴቷ ላይ ያን ያህል ዘመን ስትኖር፣ በቴፑም በስልኩም አንድ ቀን አልተሰማችም፤ በዚያ በሚብለጨለጨው ማጉያ ብናሰማት ኖሮ ከበድ ባለው ድምፅ ሥር ተቀብራ ትቀር ነበር።

አባቴ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ፣ «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምሁት። «መቋሚያዬን አምጡልኝ» አሉ። ጕልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ተነሥተው ቆሙ፤ ተማሪ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ አይታረምምና። ሦስተኛ ጊዜ በደገምሁት ጊዜ ከካሴቷ ጋር አብረው አዜሙት፤ ርክርኩንም አላለፉትም። እናቴ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ከዚያ ወዲህ የተረዳሁት ነገር ይህ ነው፦ ጥሩ የድምፅ ማጉያ የሚባለው ጮኾ የሚሰማው አይደለም፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ የማይውጠው ነው። እንዲህ ያለውም ማጉያ በገንዘብ ብቻ አይገኝም፤ በንጹሕ ቅጂ፣ በንጹሕ መንገድ፣ በተስተካከለ አቋቋምና በተዘጋጀ ቤት ይገኛል። ከአራቱ ሦስቱ በትዕግሥት እንጂ በብዙ ወጪ የሚሠሩ አይደሉም። ገንዘብ ያነሰው ሰው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ማጉያዎች ከጥግ አውጥቶ፣ በጆሮ ልክ አቁሞ፣ አጎዛ ቢያነጥፍ፣ ነገ ማታ ልዩነቱን ይሰማዋል።

ስለ ካሴት ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ካሴት እ.ኤ.አ. በ1963 ፊሊፕስ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከወጣ ወዲህ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል፤ በውስጡ ያለው ጥብጣብ ግን በየዓመቱ እያረጀ ይሄዳል። ካይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ ሊቃውንት የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ሲያሳትሙ፣ ድምፁንም አብረው አውጥተዋል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የየቤታችንን መምህር፣ የየአያታችንን ድምፅ ማንም ከሩቅ መጥቶ አይቀዳልንም። በሣጥን ሥር ያለችውን ካሴት ዛሬ ያላወጣ ሰው ነገ ባዶ ላስቲክ ያገኛል።

አሁን በየቅዳሜው ማታ የጎረቤት ልጆች ይመጣሉ። መጀመሪያ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ማጉያው ይጠፋና ራሳቸው ያዜማሉ። አንዱ ልጅ በቅርቡ፣ «የኔታ፣ ማጉያው ካለ እርስዎ ለምን ይደክማሉ?» ብሎ አባቴን ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ማጉያው ያሰማሃል እንጂ አያርምህም» ብለው መለሱለት። ከዚያም ጆሮአቸውን ወደ ልጁ አዘንብለው፣ «በል፣ ከመጀመሪያው ጀምር» አሉት።